ስለ ድረ ገጽ ፊደል መጠን፤ ትእዛዝን በትክክልና በግልጽ ስለ መጻፍ

በላስታ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገበያ ሁሉ ጨርቅ በክንድ እየተለካ በሚሸጥበት ዘመን ሻጭና ገዢ በዋጋው ከመስማማታቸው በፊት የሚነጋገሩበት አንድ ነገር ነበረ። ይኸውም ጨርቁ የሚለካው በማን ክንድ ነው የሚል ነው። ሻጩ አጭር ሰው የሆነ እንደ ሆነ ገዢው ረዥም ክንድ ያለውን ዘመዱን ይዞ ይመጣ ነበር። ክንድ፣ ስንዝርና ጋት ሰው ከአካሉ ጋር ይዟቸው የሚዞራቸው መለኪያዎች ስለ ሆኑ ምቹዎች ናቸው፤ ነገር ግን የማን እንደ ሆኑ ካልተነገረ መለኪያ መሆናቸው ይቀርና የክርክር ምክንያት ይሆናሉ። ሜትር የመጣው ይህን ክርክር ሊያስቀር ነው።

ዛሬ ይኸው ክርክር በሌላ መልክ ተመልሶ ወደ ነጋዴው ቤት ገብቷል። ሆቴል ያለው፣ ማር የሚያሽግ፣ ጥበብ የሚያሸምን፣ መስቀልና የእጅ ሥራ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ድረ ገጽ ማሠራት ጀምሯል። በሚጽፈው ትእዛዝ ላይም «ፊደሉ ጎላ ያለ ይሁን» ወይም «ፊደሉ 12 ቁጥር ይሁን» ይላል። ሁለቱም አነጋገሮች ልክ የሌላቸው ናቸው። ጎላ ያለ ማለት ለማን ዐይን እንደ ሆነ አልተገለጸም፤ 12 የተባለውም የምን 12 እንደ ሆነ አልታወቀም።

ጉዳዩ ለነጋዴ የሚያስፈልግበት ምክንያት

የላሊበላ ከተማ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የከተማዋ ንግድ ኑሮውን በእንግዳ ላይ የመሠረተ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝና በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. እስከ ከተማዋ የደረሰው ጦርነት እንግዳውን ባራቀው ጊዜ፣ ደጁን ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ለነጋዴው እንደማይበቃው በግልጽ ታይቷል። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከሮማ ሆኖ ለገና ሊመጣ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የሆቴሉን ደጅ ሳይሆን በስልኩ የተከፈተውን ገጽ ነው። ማር ወይም ጋቢ ማስመጣት የሚፈልገውም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ በገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ያነሰ እንደ ሆነ የሚጎዳው መልኩ ብቻ አይደለም። 680 ብር የተባለው ዋጋ 880 ተብሎ ይነበባል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በቃላት የሚመጣው ስሕተት ነው። «ማጓጓዣ ይጨምራል» ማለት ዋጋው የማጓጓዣውን ኪራይ ያጠቃለለ ነው ማለት ነው፤ «ማጓጓዣ ይጨመራል» ማለት ግን ኪራዩ በዋጋው ላይ ወደ ፊት ይታከላል ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው በ«ም» እና በ«መ» መካከል ያለው ትንሽ ጭረት ብቻ ነው። ይህች ጭረት በትንሽ ፊደል የጠፋች እንደ ሆነ ገዢው አንድ ነገር አንብቦ ገንዘብ ይልካል፤ ሻጩም ሌላ ነገር ጽፎ ዕቃ ይልካል። እንዲህ ያለው ነገር ከጠብ በስተቀር ሌላ ፍሬ የለውም።

ስለ 12 ቁጥር የሚነሣው ክርክር

ለምሳሌ ያህል በላሊበላ ማር እያሸገ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ በአዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ድረ ገጽ እንዲሠራለት ቀብድ ከፍሎ ትእዛዝ ጻፈ እንበል። በትእዛዙም ላይ የጽሑፉ ፊደል 12 እንዲሆን አመለከተ። ነጋዴው 12 ሲል ያሰበው በኮምፒዩተር የሚጽፈውን ደብዳቤ ነው፤ በደብዳቤ ላይ 12 ቁጥር ያለ ችግር የሚነበብ ፊደል ነውና። በደብዳቤ ላይ ያለው 12 ግን የሚለካው በፖይንት ነው። ባለሙያው በበኩሉ በየቀኑ የሚሠራው በፒክስል ስለ ሆነ 12ን ፒክስል አድርጎ ሠራው።

ልዩነቱ ይህ ነው። በድረ ገጽ ሕግ መሠረት አንድ ኢንች 72 ፖይንት ወይም 96 ፒክስል ነው። ስለዚህ 12 ፖይንት ማለት 16 ፒክስል ሲሆን፣ 12 ፒክስል ማለት ግን 9 ፖይንት ብቻ ነው። ነጋዴው ካሰበው መጠን ከአራት አንዱ እጅ ጎድሎ ተሠራ ማለት ነው። ሥራው ሲቀርብ ነጋዴው «ይህ ያዘዝሁት አይደለም» ይላል፤ ባለሙያው ደግሞ «12 ብለሃል፤ 12 ሠርቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዋሽተዋል አይባልም። ጥፋቱ የመለኪያውን ስም ባልጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ማስተካከያውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ስለማይናገር ቀሪው ክፍያ ይታገዳል፤ ሥራውም ይቆማል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ቁጥሩ የሚለካው ምንን ነው

የፊደል ቁጥር ምንን እንደሚለካ ለመረዳት ወደ ማተሚያ ቤት መመለስ ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ ከተማ፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን ባሳተመ ጊዜ ነው። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለረዥም ዘመን ፊደል በእርሳስ ቅይጥ እየተቀረጸና በእጅ እየተለቀመ ይታተም ነበር። እያንዳንዱ ፊደል በአንዲት የእርሳስ ገላ ጫፍ ላይ የተቀረጸ ነው። የፊደል ቁጥር የሚለካውም ይህን ገላ እንጂ በላዩ ላይ የተቀረጸውን መልክ አይደለም። ቀራጩ በአንድ ዐይነት ገላ ላይ ትልቅ መልክ ወይም ትንሽ መልክ ሊቀርጽ ይችላል።

ዛሬ እርሳሱ ቀርቷል፤ ልማዱ ግን አልቀረም። በኮምፒዩተር ያለው ፎንትም በዐይን የማይታይ ገላ አለው፤ 16 ፒክስል ሲባል የሚለካው ይህ የማይታየው ገላ ነው። ስለዚህ ሁለት ፎንቶች ሁለቱም 16 ፒክስል ተብለው ሲታዩ አንደኛው ከሌላው ያነሰ ሊመስል ይችላል። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን በተጻፉበት ገጽም አንዱ ጎልቶ ሌላው ቀጥኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ቁጥሩን ጽፎ የፎንቱን ስም የማይጽፍ ትእዛዝ ግማሽ ትእዛዝ ነው።

ፖይንትም ራሱ አንድ አልነበረም። በፈረንሳይና በብዙው የአውሮፓ አገር ይሠራበት የነበረው የዲዶ ፖይንት 0.376 ሚሊሜትር ያህል ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1886 የተስማሙበት ፖይንት 0.351 ሚሊሜትር ያህል ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራበት ደግሞ የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ፣ ማለት 0.353 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስማቸው አንድ፣ ልካቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። ከአውሮፓ አሮጌ የማተሚያ ዕቃ ያስመጣ ሰው ይህን ባያውቅ 12 ያለው ፊደል ከሌላው 12 ጋር አልገጥም ቢለው ሊደነቅ አይገባውም።

የደንቡ አመጣጥ

ፊደል በድረ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚለካ የሚደነግገው ሲኤስኤስ የሚባለው ደንብ ነው። ደንቡን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሽየም የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1996 ነው። ይህ ደንብ እንዴት እየታረመ እንደ መጣ ማየት ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፤ ደንብ አውጪዎቹ ራሳቸው በግልጽነት ጉድለት የተነሣ ብዙ ጊዜ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋልና።

በመጀመሪያው ደንብ ላይ የፊደል መጠን በቁጥር ብቻ ሳይሆን «ትንሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «ትልቅ» በሚሉ ስሞችም እንዲታዘዝ ተፈቅዶ ነበር። በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ያለው ልዩነትም 1.5 እጥፍ እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ። መካከለኛው 16 ፒክስል የሆነ እንደ ሆነ በዚህ ስሌት ትንሹ 10.7፣ ከእርሱ ያነሰው ደግሞ 7.1 ይሆናል፤ ይህ የሚነበብ ፊደል አይደለም። ልዩነቱ እጅግ የሰፋ መሆኑ በሥራ ላይ ስለ ታየ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሁለተኛው ደንብ ወደ 1.2 ዝቅ ተደረገ። በዚህም ቢሆን በትንንሾቹ መጠኖች ላይ ችግሩ ፈጽሞ አልተወገደም። እንግዲህ «ትንሽ» የሚለው ቃል ለደንብ አውጪዎች እንኳ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በአንድ ነጋዴ ትእዛዝ ላይ «ጎላ ያለ» የሚለው ቃል ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የፒክስልም ነገር እንዲሁ ነው። በዚያ ዘመን የአንዱ ኩባንያ ኮምፒዩተር አንድ ኢንች 72 ፒክስል ነው ብሎ ሲቆጥር፣ የሌላው 96 ነው ብሎ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ በማኪንቶሽ 12 ፖይንት ተብሎ የተጻፈው ጽሑፍ 12 ፒክስል ሲይዝ በዊንዶውስ 16 ፒክስል ይይዝ ነበር። በ1998 የወጣው ደንብ በኢንች 90 ፒክስልን መነሻ አድርጎ አሰበ፤ ፒክስልንም ከቋሚ መለኪያዎች ጋር ሳይሆን እንደየማሳያው ከሚለዋወጡት ጋር መደበው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2011 በጸደቀው እርማት ግን ቁጥሩ 96 ሆኖ ተወሰነ፤ ፒክስልም ከቋሚዎቹ መካከል ገብቶ የፖይንት ሦስት አራተኛ እንዲሆን ተደነገገ። ዛሬ የሚሠራበት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በደንቡ የተነገረው ፒክስል በስክሪን ላይ ያለችው ጥቃቅን ነጥብ አይደለችም። መነሻው፣ የንባብ ርቀት አንድ የክንድ ዝርጋታ፣ ማለት 28 ኢንች ወይም 71 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚያ ርቀት 0.26 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ነገር በዐይን ላይ የሚይዘው ስፋት ነው። ከ3.5 ሜትር ርቀት የሚታይ ማሳያ የሆነ እንደ ሆነ ያው አንድ ፒክስል 1.3 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በወርዱ 1080 ነጥቦች ያሉት ስልክ ብዙ ጊዜ 360 ፒክስል ብቻ እንዳለው የሚቆጠረውም ስለዚህ ነው፤ ሦስት ሦስት ነጥብ እንደ አንድ ፒክስል ወርድ ይታሰባልና። በአዲሱ መለኪያ ውስጥ የሰው ክንድ ተመልሶ መግባቱ ይገርማል፤ ልዩነቱ ክንዱ የማን እንደ ሆነና ርዝመቱ ስንት እንደ ሆነ በጽሑፍ መወሰኑ ነው።

ቋሚ ልክና ተከታይ ልክ

የድረ ገጽ መለኪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ፒክስልና ፖይንት ቋሚ ናቸው። ኤም፣ ሬም፣ በመቶና የስክሪን ወርድ ግን ሌላውን ነገር ተከትለው የሚለዋወጡ ናቸው። ተከታይ ልክ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ እንደ ክንድ ሁሉ የሚፈለገው የማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

ኤም የሚለካው ጽሑፉ ካለበት ክፍል የፊደል መጠን ነው። የገጹ ፊደል 16 ፒክስል ሆኖ የዋጋው ዝርዝር 0.8 ኤም የተባለ እንደ ሆነ 12.8 ፒክስል ይሆናል። በዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዝርዝር ሲገባ ደግሞ 0.8 ኤም የሚታሰበው ከ12.8 ላይ ስለ ሆነ 10.24 ይሆናል። እንዲህ እያለ በየደረጃው ይቀንሳል። ባለሙያው አንድ ቁጥር ብቻ ጻፈ፤ ነጋዴው ግን ሦስት ልዩ ልዩ መጠን ያያል።

ከዚህም በላይ ኤም ሁለት ጠባይ አለው። ለፊደሉ መጠን ሲጻፍ የሚለካው ከያዘው ክፍል ነው፤ ለኅዳግ ወይም ለክፍት ቦታ ሲጻፍ ግን የሚለካው ከራሱ ፊደል ነው። በ16 ፒክስል ገጽ ላይ አንድ ርእስ 2 ኤም፣ ከሥሩ ያለው ክፍት ቦታ 1 ኤም ቢባል ርእሱ 32 ፒክስል ይሆናል፤ ክፍት ቦታውም 16 ሳይሆን 32 ይሆናል። ይህን ሳያውቁ የሚጽፉ ሰዎች ገጹ ለምን እንደ ተበታተነ ይቸገራሉ።

ሬም ይህን ግራ መጋባት ያስቀራል፤ በየትኛውም ክፍል ቢጻፍ ሁልጊዜ የሚለካው ከገጹ ሥር ከተወሰነው አንድ መጠን ነው። ገጹ ካልለወጠው በቀር ይህ መነሻ አንባቢው በራሱ መሣሪያ ላይ የመረጠው መጠን ነው፤ ብዙ ጊዜም 16 ፒክስል ነው። 1.125 ሬም ተብሎ የታዘዘ ጽሑፍ በተራ መሣሪያ 18 ፒክስል ይሆናል፤ ዐይናቸው የደከመ አባት መነሻውን 20 ካደረጉት ደግሞ 22.5 ይሆንላቸዋል። 18 ፒክስል ተብሎ በቋሚ ልክ የታዘዘው ግን የእርሳቸውን ምርጫ ሳይከተል 18 ሆኖ ይቀራል። ለሽማግሌ ደንበኛ የሚያስብ ነጋዴ ሬምን ቢያዝ ይሻለዋል።

የስክሪንን ወርድ ተከትሎ የሚሄደው ልክ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የወርዱ 4 በመቶ ተብሎ የታዘዘ ፊደል ወርዱ 360 ፒክስል በሆነ ስልክ 14.4 ፒክስል፣ ወርዱ 1440 በሆነ ኮምፒዩተር ግን 57.6 ፒክስል ይሆናል። በአንዱ ያነሰ፣ በሌላው የማስታወቂያ ሰሌዳ ያህል ነው። ገጹንም በኮምፒዩተር ለማጉላት ሲሞከር ይህ ፊደል አብሮ አያድግም። ስለዚህ ብቻውን ሊታዘዝ አይገባም፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን በሬም ሊጻፍለት ያስፈልጋል።

የአማርኛ ፊደል የሚጠይቀው

ለላቲን ፊደል የተሠራውን ልክ እንዳለ ለአማርኛ ማድረግ ስሕተት ነው። በአማርኛ ድምፁን የሚለውጠው ምልክት ከፊደሉ ጋር የተያያዘ ትንሽ ቅጥያ ነው። «ለ» እና «ሉ»፣ «በ» እና «ቡ»፣ «ከ» እና «ኩ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም እጅግ ሲወፍር እነዚህ ጭረቶች ይሞላሉ፤ «ጨ» እና «ጩ»ን፣ «ጠ» እና «ጡ»ን መለየትም ያስቸግራል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው የበቃ መጠን ለአማርኛው ላይበቃ ስለሚችል አማርኛው ለብቻው ሊታይና ሊታዘዝ ይገባል።

በመሥመር መካከል ያለው ርቀትም ሊታሰብ ይገባል። የአማርኛ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለ ሆነ ጽሑፉ እንደ ግንብ ድርድር የተጠጋጋ ነው፤ መሥመሮቹ ከተቀራረቡ ዐይን መንገዱን ይስታል። የቀድሞ ጸሐፊዎች ብራናውን በወስፌ እየወጉና መሥመር እያሰመሩ ከጻፉበት ምክንያት አንዱ ይህን ርቀት አስቀድሞ ለመወሰን ነው። በድረ ገጽ የመሥመር ርቀት የፊደሉን መጠን 1.5 እጥፍ ወይም ከዚያ የበለጠ እንዲሆን ማዘዝ ይመረጣል። ሲጻፍም 1.6 ተብሎ ያለ መለኪያ ስም እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። 1.6 ኤም ተብሎ በ16 ፒክስል ገጽ ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ 25.6 ፒክስል የሚለው ውጤት ወደ ርእሱም ይተላለፋል፤ ርእሱ 32 ፒክስል ከሆነ መሥመሮቹ እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። ስም የሌለው ቁጥር ግን ለርእሱ እንደገና ስለሚባዛ ይህ አይደርስም። የመለኪያን ስም መተው ትክክል የሚሆንበት እምብዛም የሌለ ጉዳይ ይህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የፎንቱ መኖርና አለመኖር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ በኋላ በየመሣሪያው ሊነበብ የሚችል ሆኗል። ከዚያ በፊት ግን አንዱ ፎንት የጻፈውን ሌላው እንደማይረባ ምልክት ያሳየው ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬም መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ፎንት የላቸውም። አንዳንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን ኒያላን፣ ሌላው ኖቶ ኢትዮጲክን፣ ሌላውም አቢሲኒካን ይይዛል። ገጹ የራሱን ፎንት የሚልክ ቢሆንም መሥመሩ ደካማ በሆነበት ቦታ ፎንቱ እስኪደርስ ድረስ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይታያል፤ መልኩም መጠኑም ይለወጣል። ስለዚህ ዋናው ፎንት ብቻ ሳይሆን ተተኪውም በትእዛዙ ላይ በስም ሊጻፍና ሁለቱም ሊፈተኑ ይገባል።

ትእዛዝ ሲጻፍ መታየት የሚገባቸው ነጥቦች

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ፣ የፊደል መጠንን የሚመለከት ትእዛዝ የሚከተሉትን ሊይዝ ይገባል።

1ኛ. ከመሥመር ርቀት በቀር እያንዳንዱ ቁጥር የመለኪያው ስም ከጎኑ ይጻፍበት። «12» ብቻ አይባልም፤ 12 ፒክስል ወይም 12 ፖይንት ይባላል።

2ኛ. ልኩ ተከታይ የሆነ እንደ ሆነ የሚከተለው ምን እንደ ሆነ ይገለጽ።

3ኛ. ከተከታዩ ልክ ጋር በተራ መሣሪያ ላይ ምን ያህል ፒክስል እንደሚሆን ለማመሳከሪያ ይጻፍ።

4ኛ. ለዋናው ጽሑፍ፣ ለርእስ፣ ለዋጋ ዝርዝርና ለግርጌ ጽሑፍ መጠኑ ለየብቻ ይወሰን፤ በገጹ ላይ የሚፈቀደው የመጨረሻ ትንሽ መጠንም ይጻፍ።

5ኛ. ዋናው ፎንትና ተተኪው በስም ይጠቀሱ፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው በልዩ ልዩ ፎንት የሚጻፉ ከሆነ መጠናቸው በዐይን እንዲመጣጠን ይታዘዝ።

6ኛ. የመሥመር ርቀቱ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ይነገር።

7ኛ. ርክክቡ በምን መሣሪያና በምን ፈተና እንደሚፈጸም፣ ልዩነት ቢገኝም ማስተካከያውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለክርክር በር አይከፍትም። «የዋናው ጽሑፍ ፊደል 1.125 ሬም ይሁን፤ ይኸውም የመሣሪያው መነሻ መጠን 16 ፒክስል ሲሆን 18 ፒክስል ማለት ነው። የመሥመር ርቀት 1.6 እጥፍ ይሁን። በገጹ ላይ ከ1 ሬም ያነሰ ጽሑፍ አይኑር። ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ፣ ተተኪው አቢሲኒካ ይሁን።» አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የብዙ ቀን ክርክር ግን ያስቀራሉ።

ስለ ርክክብ

ሥራው ሲቀርብ በባለሙያው ሰፊ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አይቶ መፈረም አይገባም። ገጹ በነጋዴው በራሱ ስልክ፣ በአንድ አሮጌ ስልክና በአንድ ኮምፒዩተር ይከፈት። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚነበበው በደጅ ላይነበብ ይችላልና ስልኩን ወደ ውጭ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ከዚያም መነጽር የሚያደርግ አንድ ሽማግሌ ዋጋውን፣ የስልኩን ቁጥርና «ይጨምራል» ወይም «ይጨመራል» የሚለውን ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ይጠየቅ። እርሱ ሳይሳሳት ያነበበው ለሌላው ሰው አያስቸግርም።

በመጨረሻም ጽሑፉ 200 በመቶ እንዲጎላ ተደርጎ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2008 ይኸው ማኅበር ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ መሠረት ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ ሲጎላ አንድም ነገር ሊቆረጥ ወይም ሊደበቅ አይገባውም። ፊደሉ ሲያድግ ዋጋው ከሣጥኑ ወጥቶ የሚጠፋ ከሆነ ሥራው ገና አልተፈጸመም።

ይህ ምክር ለድረ ገጽ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የማር ጣሳ ምልክት ለማተሚያ ቤት የሚያዝዝ፣ የሱቅ ሰሌዳ የሚያጽፍ፣ ከውጭ አገር ዕቃ በሚሊሜትርና በኢንች ለይቶ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚያጋጥመው ጥያቄ አንድ ነው። ከቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ዳር ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው እንደሚረዳው፣ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የተሠራ ሕንፃ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ የሚመለስ ድንጋይ የለውም፤ ልኩ ከመዶሻው በፊት መታወቅ ነበረበት። ድረ ገጽ እንኳ ሊታረም ይችላል፤ ነገር ግን እርማቱ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፤ በመካከሉም አንብቦ ሳይረዳ ገጹን ዘግቶ የሄደ ደንበኛ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ነጋዴ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በወረቀቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንድ በአንድ እየጠቆመ «ይህ የምን ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱም በቃል ብቻ እንዳይቀር በውሉ ላይ ያስጽፈው።